ከአውሮፕላን የሚለቀቁ ሙቀት አማቂ ጋዞች ቁጥጥር

ከአውሮፕላን የሚለቀቁ ሙቀት አማቂ ጋዞች ቁጥጥር የአየር ትራንስፖርት በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሰውን ጫና ለመቀነስ የወጡ ሕጎች፣ ደረጃዎችና የክፍያ ሥርዓቶች የጋራ መጠሪያ ነው። አንድ ኪሎ ግራም የአውሮፕላን ነዳጅ ሲቃጠል 3.16 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ጋዙ ከነዳጁ የሚከብደው በነዳጁ ውስጥ ያለው ካርቦን ከአየር ላይ ኦክስጅን ስለሚወስድ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የኃላፊነት ጥያቄ

በአንድ አገር ውስጥ የሚደረግ በረራ የሚለቀው ጋዝ በዚያው አገር ድርሻ ይቆጠራል። ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት የሚበር አውሮፕላን የሚለቀው ግን የማን ነው? የመነሻው፣ የመድረሻው ወይስ የአየር መንገዱ አገር? በዚህ ላይ ስምምነት ባለመኖሩ የ1997ቱ የኪዮቶ ፕሮቶኮል የዓለም አቀፍ በረራዎችን ጉዳይ ለዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (አይካኦ) ተወው።

የአውሮፓ ኅብረት እርምጃ

ኅብረቱ ከ2012 ጀምሮ ወደ አውሮፓ የሚገቡና ከአውሮፓ የሚወጡ በረራዎችን በልቀት ፈቃድ ግብይቱ ለማካተት ወሰነ። አሜሪካ፣ ቻይናና ሕንድን ጨምሮ ብዙ አገሮች ስለተቃወሙ ግዴታውን በአውሮፓ ውስጥ በሚደረጉ በረራዎች ላይ ወሰነው።

ኮርሲያ

አይካኦ በ2016 ኮርሲያ የተባለውን የካርቦን ማካካሻ ሥርዓት አጸደቀ። በዓለም አቀፍ በረራ በዓመት ከ10,000 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለቁ አየር መንገዶች ከ2019 ጀምሮ ልቀታቸውን ለክተው ሪፖርት ያደርጋሉ። ከ2024 እስከ 2035 የዘርፉ ልቀት ከ2019ኙ 85 በመቶ ሲያልፍ፣ ትርፉ የካርቦን ክሬዲት በመግዛት ወይም ብቁ ነዳጅ በመጠቀም ይካካሳል። ሥርዓቱ እስከ 2026 በፈቃደኝነት የሚሠራ ሲሆን ከ2027 ጀምሮ ግዴታ ይሆናል። እንደ ኢትዮጵያ ያሉ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ የሚገኙና ወደብ አልባ ታዳጊ አገሮች ግን በፈቃዳቸው ካልገቡ በቀር አይገደዱም።

የአውሮፕላን ደረጃ

አይካኦ በ2017 የአውሮፕላኖችን የካርቦን ልቀት ደረጃ አወጣ። ደረጃው ከ2020 ጀምሮ ለአዳዲስ ሞዴሎች የሚሠራ ሲሆን፣ ከ2028 ጀምሮ ቀድሞ የተነደፉና ገና በመመረት ላይ ያሉትንም ይመለከታል። በ2022 አባል አገሮች በ2050 የተጣራ ዜሮ ልቀት ላይ የመድረስ ግብ ተቀብለዋል፤ ግቡ ግን በየአገሩ ላይ ግዴታ አይጥልም።

ትችት

ተቺዎች ኮርሲያ ከመነሻው በታች ያለውን ልቀት በነፃ ያልፋል፣ ማካካሻም አውሮፕላኑ የሚያቃጥለውን ነዳጅ አይቀንስም ይላሉ። አውሮፕላን ከኋላው የሚተወው ነጭ የደመና መስመር ምድርን የማሞቅ ድርሻ ቢኖረውም በኮርሲያ አይቆጠርም። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ባለቤት ላልነበረው ልቀት አንድ ወጥ የአለካክ ሥርዓት ማስገኘቱን እንደ ጥቅም ያነሣሉ።