የሽጉጥ ሰደፍና ሕግ

ሽጉጥ በእጅ፣ ጠመንጃ በትከሻ ተደግፎ እንደሚተኮስ የታወቀ ነው። በሁለቱ መካከል የነበረውን ድንበር ያደበዘዘው ግን አንድ ቁራጭ እንጨት ነው። በዓድዋ ድል ዓመት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1896 መመረት የጀመረው የጀርመኑ ማውዘር ሽጉጥ ከእንጨት የተፈለፈለ ማኅደር ነበረው፤ ይኸው ማኅደር ከመያዣው ጀርባ ባለው ቦይ ሲሰካ ሰደፍ ይሆናል። አፈሙዙ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የብዙዎቹ ማነጣጠሪያ እስከ 1000 ሜትር ተከፋፍሏል።

ሕግ ይህን ለውጥ ሳይመለከተው አልቀረም። የአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1934 አጭር አፈሙዝ ያላቸውን ጠመንጃዎች በምዝገባና በ200 ዶላር ቀረጥ ሥር አዋለ። በዚህም መሠረት ሰደፍ የተገጠመለት ሽጉጥ አጭር ጠመንጃ ሆኖ ተቆጠረ። ኋላ ግን የጥንቱ ማውዘር ከነቀድሞ ሰደፉ ወይም ከትክክለኛ ቅጂው ጋር የሰብሳቢዎች ዕቃ ተብሎ ከዚህ ሕግ ወጣ። ልዩነቱን የሚወስነው እንግዲህ የእንጨቱ ቅርጽና ልክ ነው።

በኢትዮጵያ የጉዳዩ አመጣጥ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1930 ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ጋር በፓሪስ የተፈራረመችው ውል ያተኮረው ወደ አገር በሚገባው መሣሪያ ላይ ነበር። የግለሰብ ይዞታን በፈቃድ የሚመራው ዛሬ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ዕቃው ታሪካዊ ዋጋ ካለው ደግሞ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይደርስበታል፤ ይህም የቅርስ ጥገናና እድሳት ያለ ባለሥልጣኑ ቅድሚያ ፈቃድ እንዳይካሄድ ያዛል።

ከጅማ በስተ ምሥራቅ፣ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ባለችው ሰርቦ ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። የጅማ አገር በበርጩማው የታወቀ የእንጨት ጠራቢዎች አገር ነው፤ ለሠለጠነ እጅ ከዋንዛ ሰደፍ መጥረብ አያዳግትም። የሚያዳግተው፣ ቦይ በሌለው አሮጌ ሽጉጥ ላይ ለሰደፍ ሲባል የተበሳውን ብረት ወደ ነበረበት መመለስ ነው። አንድ ቀዳዳ የመሣሪያውን የሕግ መደብ ሊለውጥ፣ የታሪክ ምስክርነቱንም ሊያጠፋ ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ የሚቀርብለት መሐንዲስ መሰርሰሪያውን ከማንሣቱ በፊት ባለቤቱ ስለ መሣሪያው ፈቃድ ከፖሊስ፣ ስለ ቅርስነቱም ከቅርስ ባለሥልጣን እንዲያረጋግጥ ማሳሰብ ይገባዋል። የአባ ጅፋርን ቅርሶች የያዘው የጅማ ሙዚየምም ለምክር ቅርብ ነው። ፈቃድ ቢገኝ እንኳ የቀድሞው ብረት ሳይነካ፣ አዲሱ እንጨት ዘመኑ ተጽፎበት፣ ሥራውም በንድፍና በፎቶግራፍ ተመዝግቦ ቢቀመጥ፣ ተከታዩ ትውልድ የጥንቱን ከአዲሱ ለይቶ ያውቃል።