‹ክላሲክ› የሚባለው ዶቅዶቄ ከየት መጣ?

በዓለም ገበያ ዛሬ እንደ አዲስ ከሚሸጡት ሞተር ሳይክሎች ጥቂት የማይባሉት አሮጌ ለመምሰል የተሠሩ ናቸው። ክብ የፊት መብራት፣ የእንባ ጠብታ የሚመስል የነዳጅ ታንከር፣ ዝቅ ያለ ወንበር፣ ሰፊ መሪ። ውስጡ ግን በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ሞተርና ዘመናዊ ፍሬን ነው። ‹ክሩዘር› ይሉታል፤ መልኩን ደግሞ ‹ክላሲክ›፣ ‹ቅርስ› እያሉ በውድ ይሸጡታል። ይህን ቅርስ መጀመሪያ የሠራው ግን ፋብሪካ አይደለም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሃርሊ ዴቪድሰን ለጦር ሠራዊት ወደ 90 ሺህ የሚጠጉ ሞተሮችን ሠራ። ጦርነቱ ሲያበቃ የተረፉት በርካሽ ተቸበቸቡ። ከግንባር የተመለሱ ወጣቶች ገዝተው መቀነስ ጀመሩ፤ የፊት ጭቃ መከላከያውን አወለቁ፣ የኋላውን ቆረጡ፣ ትርፍ ብረት ሁሉ ጣሉ። ልማዱ ከጦርነቱ በፊትም ነበር፤ የተስፋፋው ግን ያኔ ነው። ‹ቦበር› የሚባለው ቅርጽ እንዲህ መጣ። ቀጥሎ የፊት ሹካው የረዘመው ‹ቾፐር› ተከተለ።

እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣው ‹ኢዚ ራይደር› ፊልም ዓለም ያወቃቸው ቾፐሮች ደግሞ ከሎስ አንጀለስ ፖሊስ ጨረታ የተገዙ አሮጌ ሃርሊዎች ነበሩ። ንድፉን ያወጣው ክሊፍ ቮስ፣ ብረቱን የሠራው ቤን ሃርዲ ነው፤ ሁለቱም ጥቁር አሜሪካውያን። ፊልሙ ላይ ስማቸው አልተጻፈም። ለአሥርተ ዓመታትም የሚያነሣቸው ብዙ ሰው አልነበረም።

ፋብሪካው ዘግይቶ ደረሰ። ሃርሊ እ.ኤ.አ. በ1984 ‹ሶፍቴይል› የተባለውን ሞተር ሲያወጣ የኋላውን ሾክ አብዞርበር ከሥር ደበቀው፤ ሲታይ የጥንቱ ደረቅ ሞተር ይመስላል፣ ሲነዳ ግን ወገብ አይሰብርም። ይህም ቢሆን ቢል ዴቪስ የሚባል መሐንዲስ በግሉ የሠራው ንድፍ ነበር፤ ኩባንያው ገዛው።

ፋሽኑ ወደ እስያም ተሻገረ። የህንዱ ባጃጅ እ.ኤ.አ. በ2001 ከካዋሳኪ ጋር ኤሊሚኔተርን፣ በ2005 ደግሞ አቬንጀር የሚባለውን ክሩዘር ለገበያ አቀረበ። በወላይታ መንገዶች ላይ የምናውቀውን ቦክሰር የሚሠራውም ይኸው ባጃጅ ነው። እንግዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር አንዱ ለሽርሽር፣ ሌላው ለእንጀራ ይመረታል ማለት ነው።

ወደ ቦምቤ ልውሰዳችሁ። ከአረካ በኩል ወደ ቦምቤ በገበያ ቀን የሄደ ሰው ሞተር ምን እንደሚሸከም ያውቃል። ቦሎሶ ቦምቤ የዝንጅብል አገር ነው፤ ሞተሩም ጆንያ ይጭናል፣ እናት ከነልጇ ይጭናል፣ ዶሮ ይጭናል። ባለሞተሩ አዲሱን ቦክሰር እንደ መጣ አይነዳውም። ሳልዳቶሬ ጋ ወስዶ የኋላ መጫኛ ያስበይዳል፣ የእግር መከላከያ ብረት ያስጨምራል፣ ወንበሩን ያስለብሳል፣ መስተዋቱ ላይ ጌጥ ያንጠለጥላል። በቅሎውን በኮርቻና በግላስ ያስጌጥ የነበረ ሕዝብ ልጅ ነውና ይህ አያስገርመኝም።

የሚያስገርመኝ ቋንቋው ነው። ሳልዳቶሬ፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴላዮ፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ የጋራዡ መዝገበ ቃላት እዚሁ ቀረ። የህንድ ሞተር በጣሊያን ቃል እየተጠራ በወላይታ ልጅ እጅ ይበየዳል። ቅርስ ከተባለ ይህም ቅርስ ነው።

አንድ ልዩነት አለ፤ ዋናው ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካው ወጣት ብረት ይቀንስ ነበር፣ የእኛው ይጨምራል። ያኛው ፍጥነት ፈለገ፣ ይህኛው ትርፍ ሰው። ከኋላ ጎማው አልፎ የሚወጣ ጭነት ደግሞ የፊት ጎማውን ያቀለዋል፤ የቀለለ ጎማ መሪ አይሰማም፣ ፍሬን ሲያዝም መሬቱን በደንብ አይነክስም። ዝናብ በመታው ቀይ አፈር ቁልቁለት ላይ ሦስት ሰው ጭኖ ይህን መሞከር ሕይወትን ማስያዝ ነው። ብየዳውም ቴላዮው ላይ በትክክል ካልተሠራ አንድ ቀን ጉድጓድ ውስጥ ይለቃል።

ስለዚህ ቁጥጥር አያስፈልግም የሚል የለም። ግን ቁጥጥሩ ጌጥና አደጋን አይለይም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ዝርፊያን ምክንያት አድርጋ ሞተሮችን በጅምላ ስታግድ ሠርቶ አዳሪውም አብሮ ታገደ፤ ኋላ በቅድመ ሁኔታ መመለስ ተጀመረ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ የጅምላውን መንገድ ከመድገም የተሻለ ዕድል አላት። በዞኑ ያሉ የቴክኒክ ኮሌጆች ለቦምቤና ለአረካ በያጆች የጥቂት ቀን ሥልጠና ይስጡ፤ መጫኛው ምን ያህል ይርዘም፣ የት ይታሰር፣ ስንት ኪሎ ይሸከም የሚለው ተለክቶ ይጻፍ። በልኩ የሠራ ምልክት ይምታበት፣ ከልኩ ያለፈው ይፍታ። የወንበሩን ልብስና የመስተዋቱን ጌጥ ግን ተዉለት። እንዲያውም ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ ዱንጉዛ ወንበር ላይ ቢለብስ ከየትኛው ‹ሄሪቴጅ› ሞተር ያንሳል?

ፋብሪካዎቹ እንደሆን ዝም ብለው አልተቀመጡም። ለአፍሪካ ገበያ ታስበው የሚመጡት ሞተሮች አሁን ረጅም ወንበርና ጠንካራ የኋላ መጫኛ ይዘው ነው የሚወጡት። መንገድ ላይ ያዩትን ነው የሠሩት፤ ያሳያቸው በያጅ ግን ስሙ የትም አልተጻፈም።