ዳነ እና ነዳ፦ የፊደል መገልበጥ ጨዋታና የጠፉት የጉሮሮ ድምፆች

በሁለት ቁራጭ ወረቀት ላይ «ነ» እና «ዳ» ጽፈን ጎን ለጎን ብናስቀምጥ «ነዳ» ይነበባል። ቦታ ብናለዋውጣቸው «ዳነ» ይሆናል። «ሰማ»ን ስንገለብጥ «ማሰ»፣ «ቀና»ን ስንገለብጥ «ናቀ»፣ «ጠላ»ን ስንገለብጥ «ላጠ»፣ «ሰባ»ን ስንገለብጥ «ባሰ» እናገኛለን። ብዙ ሰው ይህን እንደ አጋጣሚ አይቶ ያልፈዋል። እኔ ግን ጥንዶቹን የወለደቻቸው የአማርኛ የድምፅ ታሪክ ናት ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሞ የጨዋታው መለኪያ ይለይ። በ1936 እ.ኤ.አ. በፖምፔ ፍርስራሽ ውስጥ በዓምድ ላይ የተገኘው የላቲን የቃላት ካሬ፣ አምስት አምስት ፊደል ባላቸው አምስት ቃላት የተሠራ ሆኖ ከአራቱም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ይነበባል። የላቲን ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ስለሚጽፍ ተጫዋቹ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ያንቀሳቅሳል። የእኛ ፊደል ግን ሁለቱን በአንድ ቅርጽ አዋህዶ ይይዛል። ስለዚህ «ሰላም» ሲገለበጥ «ምላሰ» እንጂ «ምላስ» አይሆንም፤ ሰላምና ምላስ ጥንድ የሚሆኑት ግእዙን ሰ ወደ ሳድስ ለመለወጥ ለተጫዋቹ ከፈቀድንለት ነው። እኔ አልፈቅድም። ሕጉን ስናጠብቅ ነው እንደ «ምንም»፣ «ልበል»፣ «ውሻው»፣ «ውሃው» ያሉት ከየትኛውም ጫፍ ቢነበቡ የማይለወጡ ቃላት ዋጋ የሚኖራቸው።

ወደ ጥንዶቹ እንመለስ። ሁሉም ከአንድ ግእዝና ከአንድ ራብዕ የተሠሩ ናቸው። ምክንያቱን ለማየት ወደ ግእዝ ቋንቋ መሄድ ያስፈልጋል። «ዳነ» በግእዝ «ድኅነ» ነው፤ «ነዳ» ደግሞ «ነድአ»። «ባሰ» «ብእሰ» ነበር፤ «ሰባ» «ሰብሐ»። አማርኛ ኅ፣ አ፣ እ እና ሐ የሚወክሏቸውን የጉሮሮ ድምፆች ከግሦቹ ሲያወጣ ስፍራቸው ባዶ አልቀረም፤ የራብዕ ድምፅ ተተካበት። ጉሮሮው መካከል ላይ በነበረበት ግሥ ራብዑ መጀመሪያ ላይ ይወድቃል፤ ጉሮሮው መጨረሻ ላይ በነበረበት ግን መጨረሻ ላይ። ሁለት የተለያዩ የግሥ ቤቶች አንዱ የሌላው ግልባጭ የሆኑት በዚህ መንገድ ነው። ጉሮሮው መነሻ ላይ ሲሆን እንደ «ኀለፈ» ያለው «አለፈ» ይሆናል፤ አናባቢውን የሚሸከም አ ስለሚያስፈልግ ፊደሉ አይቀንስም፣ ጥንድም አይወጣውም። አሁን «ድኅነ»ን በሦስት ቁራጭ ወረቀት ጽፈን እንገልብጠው፦ «ነኅድ»። ትርጉም የለውም። ጥንዱ በአማርኛ እንጂ በግእዝ አይሠራም።

ይህ አስተሳሰብ ልክ ከሆነ ጨዋታው በሌሎች ባለሁለት ፊደል ግሦች ላይ መክሸፍ አለበት፤ ይከሽፋልም። «ሞተ»፣ «ቆመ»፣ «ሄደ» ሲገለበጡ «ተሞ»፣ «መቆ»፣ «ደሄ» ነው የሚወጣው። «እሱ» የሚለውን ተከትሎ የሚመጣ የአማርኛ ኃላፊ ግሥ በግእዝ ወይም በራብዕ ያልቃል እንጂ በሳብዕ ወይም በኃምስ አያልቅም። ይህ ማለት ግን ግእዝና ራብዕ የያዘ ሁሉ ጥንድ አለው ማለት አይደለም፤ «ገባ»ን ብንገለብጥ «ባገ» የሚል ግሥ አናገኝም። ታሪኩ በሩን ከፍቷል፤ ማን እንደሚገባበት የሚወስነው መዝገበ ቃላቱ ነው።

ጥንዶቹ ለዓይን እንጂ ለጆሮ አይደሉም። «ነዳ» ላይ ዳ ይጠብቃል፤ «ዳነ» ላይ ነ ይላላል። «ሰማ» ይጠብቃል፣ «ማሰ» ይላላል፤ «ቀና» እና «ናቀ»ም እንዲሁ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይጽፍ ልዩነቱ በወረቀት ላይ ይሰወራል። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ጨዋታውን በቃል ቢሰማው ምንም ላይገርመው ይችላል፤ ቁራጭ ወረቀቶቹን ሲያይ ግን ወዲያው ይገባዋል።

አንድ ጥንድ አከራካሪ ሆኖ ይቀራል፦ «ሰራ» እና «ራሰ»። ሥራን በንጉሡ ሠ የሚጽፍ ሰው «ሠራ»ን ሲገለብጥ «ራሠ» ያገኛል፤ እርጥበትን የሚያመለክተው ግሥ ደግሞ በእሳቱ ሰ ነው የሚጻፈው፣ በግእዝም «ርሕሰ» ነው። ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የሚጽፍ ግን ጥንዱን ያለ ችግር ይቆጥራል። እኔ በሠ ስለምጽፍ ከዝርዝሬ አውጥቼዋለሁ።