ከብራስልስ እስከ ላም በረት፦ የአውሮፓ የወተት ኮታ ታሪክ

እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1984 የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ አሥር አባል አገሮች የግብርና ሚኒስትሮች፣ በፈረንሳዩ ሚኒስትር በሚሼል ሮካር ሰብሳቢነት ያጸደቁት ደንብ፣ እያንዳንዱ አገር በዓመት ለገበያ የሚያቀርበውን ወተት በጣሪያ ወስኖ፣ ከጣሪያው ያለፈውን ምርት ለአምራቹ ኪሳራ የሚያደርግ መቀጮ የጣለ ነበር (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለአምስት ዓመት ብቻ ታስቦ የነበረው ይህ የኮታ ሥርዓት እየተራዘመ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆየ፤ በቆየበት ዘመንም፣ ከመንግሥታት በላይ የሆነ አካል ያወጣው አንድ ሕግ በየአገሩ አስተዳደር እጅ ሲገባ ምን ያህል የተለያየ ነገር ሊሆን እንደሚችል አሳየ። በብሪታንያ የሚሸጥና የሚከራይ ንብረት፣ በፈረንሳይ በየአውራጃው በኮሚቴ የሚደለደል የጋራ ሀብት፣ በኢጣሊያ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ከወረቀት ያልወረደ ቁጥር ሆነ። የልዩነቱ ዋና ምንጭ የደንቡ ቃላት ሳይሆኑ፣ ከ1984 በፊት በየአገሩ የእያንዳንዱን ገበሬ ወተት ይቆጥር የነበረ አካል መኖር አለመኖሩ ነው።

ለዚህ ደንብ መነሻ የሆነው ስድስት አገሮች በ1957 የፈረሙት የሮም ውል ነው። ውሉ ከተራ የመንግሥታት ስምምነት የሚለየው፣ አባል አገሮች የሥልጣናቸውን ከፊል ለጋራ ተቋማት አሳልፈው በመስጠታቸው ነበር፦ ከየትኛውም መንግሥት ትእዛዝ እንዳይቀበል የተቋቋመው ኮሚሽን ረቂቅ ያቀርባል፣ የየአገሩ ሚኒስትሮች የሚቀመጡበት ምክር ቤት ይወስናል፣ ፍርድ ቤቱም ውሳኔው በሁሉም ዘንድ በእኩል መፈጸሙን ይቆጣጠራል። ውሉ ለግብርና የመደበው ክፍል በአንቀጽ 39 የገበሬውን ኑሮ ማሻሻልን፣ ገበያን ማረጋጋትንና ለሸማቹ ተመጣጣኝ ዋጋ ማስገኘትን በአንድነት ዓላማ ቢያደርግም፣ እነዚህ ዓላማዎች ሲጋጩ የትኛው እንደሚቀድም አልተናገረም። ክፍተቱን የሞላው ድርድር ነበር። የመጀመሪያው የግብርና ኮሚሽነር፣ ቀደም ሲል የኔዘርላንድስ የግብርና ሚኒስትር የነበረውና ራሱም ገበሬ የሆነው ሲኮ ማንስሆልት ያቀረበው ረቂቅ እስከ 1961 ማብቂያ ድረስ ካልጸደቀ ማኅበረሰቡ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ መሸጋገር ስለማይችል፣ ሚኒስትሮቹ ዲሴምበር 31 እኩለ ሌሊት ላይ ሰዓቱ እንደቆመ ቆጥረው እስከ ጃንዋሪ 14 ቀን 1962 ድረስ ተከራከሩ። በጋራ ሕግ የታሰሩ መንግሥታት የራሳቸውን የጊዜ ገደብ ለማክበር የቀን መቁጠሪያን ማቆም ያስፈለጋቸው መሆኑ፣ በኋላ ለሚመጣው የአሠራር ልማድ ጥሩ ማሳያ ነው።

በዚያ ድርድር መሠረቱ ተጥሎ በ1968 በወተት ላይ ሙሉ በሙሉ ተግባራዊ የሆነው ሥርዓት ቀላል ነበር። ሚኒስትሮቹ በየዓመቱ አንድ የጋራ ዋጋ ይወስናሉ፤ የቅቤና ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት ዋጋ ከተወሰነው ወለል በታች ሲወርድ፣ በየአገሩ ያለው የመንግሥት ግዥ መሥሪያ ቤት ገበያ ያጣውን ምርት ገዝቶ መጋዘን ያስገባል። ወጪውን የሚሸፍነው ግን ያ መንግሥት ሳይሆን ከሁሉም አባል አገሮች የሚሰበሰበው የጋራ የግብርና ፈንድ ነው። ሥርዓቱ የታመመው በዚህ ነጥብ ላይ ነበር። የዋጋ ጭማሪ ይዞ ወደ አገሩ የሚመለስ ሚኒስትር በገበሬዎቹ ዘንድ ይመሰገናል፣ ሒሳቡ ግን ለሁሉም አባል አገሮች ግብር ከፋይ ይከፋፈላል፤ ጭማሪውን የሚቃወም ሚኒስትር በበኩሉ በአገሩ ገበሬዎች ይወቀሳል፣ የሚያድነው ገንዘብ ግን በአብዛኛው የሌሎች ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከፈንዱ የገበያ ድጋፍ ወጪ ሩቡን ያህል የሚወስደው ወተት ብቻ ነበር፤ በመጋዘን የተከማቸው ቅቤም በ1986 ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ደረሰ። ከትርፉ ከፊሉ በድጎማ ወደ ውጭ ተሸጠ፤ ከፊሉም በምግብ እርዳታ ስም ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ብዙ ድሃ አገሮች ሄደ። በአውሮፓ መጋዘኖች የቅቤው ክምር መነጋገሪያ የሆነበት ጊዜ፣ በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሃብ የሚያልቅበት ጊዜ መሆኑ በምዕራቡ ጋዜጦችም ሳይነሳ አላለፈም።

ችግሩን አስቀድሞ ያየው ማንስሆልት ራሱ ነው። በ1968 ባወጣው እቅድ ሚሊዮኖች ገበሬዎች በጡረታና በሌላ ሥራ ከእርሻ እንዲወጡ፣ የቀሩት ደግሞ ሰፋፊ እርሻ እንዲይዙ ሐሳብ አቀረበ፤ ምላሹ በማርች 1971 ወደ ብራስልስ የተመመው የብዙ አሥር ሺህ ገበሬ ሰልፍ ሆነ፣ በግጭቱም አንድ ሰው ሞተ። ዋጋ መቀነስ ቀጥተኛው መፍትሔ ቢሆንም፣ ፈረንሳይ በ1965 ወንበሯን ባዶ ትታ ከምክር ቤቱ ከቀረች በኋላ በ1966 በሉክሰምበርግ በተደረሰው መግባባት ምክንያት አንድ አገር ዋና ጥቅሜ ተነካ ካለ በድምፅ ብልጫ ስለማይወሰንበት፣ ይህ መንገድ የተዘጋ ያህል ነበር። ኮታ የተመረጠው ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ሳይሆን፣ ዋጋውን ሳይነካ ወጪውን የሚገታ ብቸኛ መንገድ ሆኖ በመገኘቱ ነው።

ድልድሉ ባብዛኛው በ1981 በቀረበው ወተት ላይ አንድ በመቶ ተጨምሮ የተሰላ ሲሆን፣ ኢጣሊያና አየርላንድ በ1983 መጠን እንዲሰላላቸው ተፈቀደ። የአየርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጋሬት ፊትዝጀራልድ፣ ወተት ለአገራቸው ኢኮኖሚ ያለው ድርሻ ከሌሎቹ ጋር እንደማይወዳደር በመግለጽ በማርች 1984 የመሪዎቹን ጉባኤ ረግጠው ወጡ፤ ለአገራቸውም ከሁሉ የበለጠ ጭማሪ አስገኙ። እንዲህ ያለው ልዩ አስተያየት ከገባ በኋላ የጋራው ደንብ ገና ከጅምሩ የጋራ ብቻ አልነበረም።

በማኅበረሰቡ ሕግ ደንብ የሚባለው፣ የአገር ፓርላማ ሌላ ሕግ ማውጣት ሳያስፈልገው በሁሉም አባል አገሮች በቀጥታ የሚጸና ሰነድ ነው። የወተቱ ደንብ ግን በስሙ ቀጥተኛ ይሁን እንጂ ዋናውን ውሳኔ ለየመንግሥታቱ ተወ። አንድ አገር ጣሪያውን በእያንዳንዱ ገበሬ ላይ የሚያሳርፈውን ቀመር ኤ፣ ወይም ወተቱን በሚሰበስበው ማቀነባበሪያ ላይ የሚያሳርፈውን ቀመር ቢ መምረጥ ይችል ነበር። በመጀመሪያው መቀጮው ከታለመው የወተት ዋጋ 75 በመቶ፣ በሁለተኛው ደግሞ 100 በመቶ ሲሆን፣ በቀመር ቢ አንዱ ገበሬ ያልሞላውን ኮታ የጎረቤቱ ትርፍ ስለሚሸፍነው የሁለተኛው ቀመር ጭነት ቀለል ይል ነበር። ኮሚሽኑ በየእርሻው ወተት የሚለካ አንድም ሠራተኛ አልነበረውም፤ የሚደርሰው የየመንግሥታቱ ሪፖርት ብቻ ነበር። የአፈጻጸም ዝርዝሩንም ቢሆን የሚያወጣው የየአገሩ ባለሥልጣናት በሚቀመጡበት የወተት አስተዳደር ኮሚቴ በኩል ስለነበር፣ ብራስልስ የት አልቆ ዋና ከተሞቹ የት እንደሚጀምሩ ለይቶ ማመልከት አስቸጋሪ ነው።

በእንግሊዝና በዌልስ ከ1933 ጀምሮ የወተት ግብይት ቦርድ የገበሬውን ሁሉ ወተት በብቸኝነት ይገዛ ስለነበር፣ ኮታው ሲመጣ የየአምራቹ መዝገብ ዝግጁ ሆኖ ጠበቀው። ደንቡ ኮታን ከመሬት ጋር ያሰረ ቢሆንም፣ የእንግሊዝ ጠበቆችና ደላሎች ብዙ ሳይቆዩ መውጫ አገኙ፤ ሻጩ የግጦሽ መሬቱን ለአሥር ወር ለገዢው ያከራያል፣ ውሉ ሲያበቃ መሬቱ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ኮታው ግን ከገዢው ጋር ይቀራል። መንግሥትም ይህን ከማገድ ይልቅ ሥርዓት አበጀለት። በ1986 የወጣው የግብርና ሕግ፣ የኪራይ ውሉ ያበቃ ተከራይ ገበሬ ለኮታው ካሣ የሚያገኝበትን መንገድ ደነገገ፤ ከሁለት ዓመት በፊት የመቀጮ መለኪያ ብቻ የነበረው ቁጥርም በፍርድ ቤት የሚገመት ንብረት ሆነ።

ፈረንሳይ ወደ ተቃራኒው ሄደች። ቀመር ቢን መርጣ የኮታ ንግድን ከለከለች፤ ከሥራ የሚወጣ ገበሬ የሚተወው ኮታ ወደ ጋራ ቋት እየተመለሰ፣ በየዲፓርትማው (በማዕከላዊው መንግሥት ተወካይ በፕሬፌው የሚመራው የአስተዳደር እርከን) የገበሬ ማኅበራት ጭምር በሚሳተፉበት ኮሚሽን አማካይነት፣ በተለይ ለጀማሪ ወጣት ገበሬዎች በነፃ ይደለደል ነበር። በዚህ ምክንያት በጁራና በኦቨርኝ ተራሮች የሚኖረው ትንሽ አምራች ኮታው በሜዳው ባለሀብት ሊገዛበት አልቻለም። ብሪታንያ ወተቱ ርካሽ ወደሚመረትበት ቦታ እንዲፈልስ ስትተው ፈረንሳይ ባለበት አጸናችው፤ ሁለቱም ያንኑ ደንብ አክብረናል ይሉ ነበር፣ ኮሚሽኑም ይህን አላስተባበለም።

የኢጣሊያ ታሪክ ከሁሉ ረጅም ነው። እዚያ እንደ እንግሊዙ ቦርድ ያለ አንድ ገዢ ስላልነበረና ወተቱ በሺህ በሚቆጠሩ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ አይብ ሠሪዎችና ነጋዴዎች መካከል ስለሚከፋፈል፣ ማን ምን ያህል እንደሚያመርት መንግሥት በትክክል አያውቅም ነበር። ስለዚህ መንግሥት አምራቾቹን በሙሉ በአንድ ማኅበር ጥላ ሥር እንዳሉ ቆጥሮ ኮታውን ለአገሪቱ በጥቅሉ ያዘው፤ በተግባር ማንም መቀጮ አልከፈለም፣ የሎምባርዲያ ገበሬዎችም ምርታቸውን ማስፋፋት ቀጠሉ። ለእያንዳንዱ አምራች ጣሪያ የሚወስን ሕግ የወጣው በ1992፣ ደንቡ ከጸደቀ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ያኔም ኢጣሊያ የማኅበረሰቡን የገቢ ውሳኔ ለማጽደቅ እጇን ይዛ በመደራደር የተጠራቀመባትን ዕዳ በ1994 አስቀነሰች፣ ብሔራዊ ኮታዋንም ወደ 9.9 ሚሊዮን ቶን አስጨመረች። ሕጉ መፈጸም ሲጀምር ግን በ1997 መጀመሪያ የሚላኖን ሊናቴ አውሮፕላን ማረፊያ መዳረሻ በትራክተር የዘጉት ገበሬዎች፣ ኤርኮሊና የተባለች ላም የትግላቸው ምልክት አድርገው ይዘው፣ ለአሥር ዓመት ማንም ያልነገራቸውን ገደብ በአንድ ጊዜ ክፈሉ መባላቸውን ተቃወሙ። ቅሬታቸው ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ ደንቡን የጣሰው ገበሬው ቢሆንም እንዲጥስ የተወው መንግሥት ነበርና።

በአገሮቹና በብራስልስ መካከል የወደቀውን ማንሳት ለፍርድ ቤቱ ቀረ። ማኅበረሰቡ ከ1977 ጀምሮ ወተት ማቅረብ ለአምስት ዓመት ለሚያቆሙ ገበሬዎች ገንዘብ ይከፍል ነበር፤ በ1984 ኮታው ሲሰላ እነዚህ ሰዎች በመነሻው ዓመት ያቀረቡት ወተት ስለሌለ ምንም ድርሻ አላገኙም። በአንድ የኔዘርላንድስ ገበሬ አቤቱታ በ1988 የተሰጠው ፍርድ፣ በሕግ አውጪው ግብዣ ከገበያ የወጣ ሰው በመውጣቱ ምክንያት ለዘለቄታው ሊቀጣ እንደማይገባ ወሰነ። በሚቀጥለው ዓመት የተፈረደው የአንድ ጀርመናዊ ተከራይ ገበሬ ጉዳይ ደግሞ ከወተት ያለፈ ውጤት ነበረው። አከራዩ ፈቃዱን በመንፈጉ የወተት ምርቱን ሲያቆም ሊያገኝ የሚገባውን ካሣ ያጣው ይህ ሰው ባቀረበው ክርክር፣ ፍርድ ቤቱ አባል አገሮች የማኅበረሰቡን ደንብ በሚያስፈጽሙበት ጊዜ መሠረታዊ መብቶችን የማክበር ግዴታ እንዳለባቸው ወሰነ። ዛሬ በአውሮፓ የሰብአዊ መብት ሕግ ትምህርት ውስጥ የሚጠቀሰው ይህ መርሕ የተወለደው ከወተት ክርክር መሆኑን ብዙ ሰው አያስታውስም።

የኮታው ፍጻሜ ከጅማሬው ያነሰ ጫጫታ ነበረው። ከ1992 ጀምሮ ድጋፉ ከዋጋ ወደ ቀጥታ ክፍያ ሲዛወር ጣሪያው የቆመለት ምክንያት ተመናመነ፤ በኖቬምበር 2008 ሚኒስትሮቹ ኮታው በየዓመቱ በአንድ በመቶ እያደገ በማርች 31 ቀን 2015 እንዲያበቃ ሲስማሙ፣ ኢጣሊያ የአምስቱን ዓመት ጭማሪ በአንድ ጊዜ እንድትወስድ ተፈቀደላት። በ2009 ዋጋው ወድቆ የቤልጂግ ገበሬዎች በሚሊዮን የሚቆጠር ሊትር ወተት ማሳ ላይ ሲያፈሱም ውሳኔው አልተቀለበሰም።

ጣሪያው ሲነሳ ላማቸውን በፍጥነት ካበዙት መካከል የኔዘርላንድስ ገበሬዎች ነበሩ፤ እዚያ ግን ሌላ የብራስልስ ሕግ ጠበቃቸው። በ1991 የወጣው የናይትሬት መመሪያ ከእበት የሚመጣውን የውኃ ብክለት ለመግታት የታሰበ ሲሆን፣ መመሪያ የሚባለው ደግሞ ግቡን ወስኖ መንገዱን ለየአገሩ የሚተው ሕግ ነው። ኔዘርላንድስ ከመመሪያው ጥብቅ ልክ ላገኘችው ልዩ ፈቃድ በዓመት ከ172.9 ሚሊዮን ኪሎግራም በላይ ፎስፌት ከእንስሳት እበት እንዳይመነጭ ቃል ገብታ ነበር፤ በ2015 ይህ ጣሪያ ታለፈ። መንግሥት እንደገና መዝገብ ከፈተ፦ እያንዳንዱ ገበሬ በጁላይ 2 ቀን 2015 በነበሩት ከብቶች ልክ የፎስፌት መብት ተሰጠው፣ መብቱም የሚሸጥና የሚገዛ ሆኖ ከእያንዳንዱ ሽያጭ አሥር በመቶው ለመንግሥት እንዲቀር ተደረገ። ሥርዓቱ ጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ሥራ ጀመረ። በዚያው ወር በ24ኛው ቀን፣ ማኅበረሰቡን የተካው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ ኢጣሊያ ከ1995 እስከ 2009 ከነበሩት የኮታ ዓመታት መቀጮ ውስጥ በኮሚሽኑ ስሌት ወደ 1.3 ቢሊዮን ዩሮ የሚሆነውን ከገበሬዎቿ ሳትሰበስብ በመቅረቷ ግዴታዋን እንዳልተወጣች ፈረደ።