እጅ ያላት ፀሐይ

አኬናተንና ቤተሰቡ ለአተን መባ ሲያቀርቡ
የድንጋይ ላይ ቅርጽ፤ አማርና፣ ግብፅ፤ 14ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት

ከላይ ያለችው ክብ ፀሐይ አተን ናት። እንደ ሌሎቹ የግብፅ አማልክት የሰው አካል ወይም የእንስሳ ራስ የላትም፤ ጨረሮቿ ግን ወደ ታች ሲዘረጉ ጫፋቸው የሰው እጅ ይሆናል። ወደ ንጉሡና ወደ ንግሥቲቱ አፍንጫ የቀረቡት እጆች የሕይወት ምልክት የሆነውን አንክ ይዘዋል፤ ሕይወት እንደ እስትንፋስ ይሰጣል።

ንጉሥ አኬናተን የመጠጥ መባ የያዙ ዕቃዎችን ወደ ፀሐይዋ ከፍ አድርጓል፤ ከኋላው ንግሥት ኔፈርቲቲም እንዲሁ። ቁመታቸው እንደ ማዕረጋቸው ነው፦ ንጉሡ ከሁሉም ይገዝፋል።

በመጨረሻ የቆመችውን ትንሿን ልዕልት ሜሪታተንን ልብ ይሏል። በእጇ ያለው ጸናጽል ነው፤ የዚህ መሣሪያ ዓይነት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ዛሬም ይሰማል።

ቀራጺው የምስሎቹን ዙሪያ ወደ ውስጥ ሰርስሯል። ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ጠርዙ ጥላ ይጥላል፣ መስመሩም ይደምቃል። ለፀሐይ አምልኮ የተመቸ አቀራረጽ ነው።

ድንጋዩ በአማርና ታላቁ ቤተ መንግሥት የመተላለፊያ መከለያ ነበር። ንጉሡ ከሞተ በኋላ ከተማዋ ተለቀቀች፤ ሕንጻዎቿም ፈረሱ። ድንጋዩ ዛሬ በካይሮ ይገኛል።