ቁረይሽ፣ ቂርሽና ቀይ ባህር

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ቁርአን የሚቀሩ ልጆቻችን አብዛኞቹ ባህር አይተው አያውቁም። የሚያውቁት ትልቅ ውኃ ቢበዛ የዘንገና ሐይቅን ነው። ይሁን እንጂ ገና በልጅነታቸው ሱረቱ ቁረይሽን በቃላቸው ይይዛሉ። ከዚህ ስም ጋር አንድ የባህር እንስሳ እንደሚያያዝ ግን ብዙ ጊዜ አይነገራቸውም።

በዐረብኛ ሻርክ «ቂርሽ» ይባላል። የቁረይሽ ስም ከዚሁ ቃል የወጣ ነው የሚሉ ዑለማዎች አሉ። ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በተላለፈ ዘገባ እንደተገለጸው፣ ጎሳው በዚህ እንስሳ የተሰየመው ሌሎችን የሚውጥና የሚደፍረው የሌለ በመሆኑ ነው። ስሙን ከንግድ ወይም ከመሰባሰብ ጋር የሚያያይዙም አሉ።

የቁረይሽ ሹማምንት ኃይላቸውን ያዋሉት ደካሞችን ለመዋጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ ሴቶች የሚገኙባቸው 15 ያህል ሶሃቦች በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምክር ቀይ ባህርን ተሻግረው ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ሻርክ የሚኖርበት ባህር በሰላም አሳለፋቸው፤ ያሳደዳቸው የየብሱ ቂርሽ ነበር። ቁረይሾች በኋላ ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ላኩ። ንጉሥ ነጃሺ ግን ስጦታውን መልሰው፣ እንግዶቼን አሳልፌ አልሰጥም አሉ። ኃይላቸውን ለጥበቃ አዋሉት።

ኃያሉ በደካማው ላይ ምን ያደርጋል? ዛሬ ይህ ጥያቄ በባህሩም ላይ ይነሳል፤ በዚያ ኃያሉ ሰው ነውና። ሻርክ የታመመውንና የደከመውን ዓሣ እየበላ የባህሩን ሚዛን ይጠብቃል። በዓለም ዙሪያ በሻርክ ተነክሰው የሚሞቱ ሰዎች በአማካይ በዓመት ከ10 ያንሳሉ። ሰው ግን በየዓመቱ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሻርኮችን ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ በውቅያኖስ ላይ የሚዘዋወሩ ሻርኮችና ዘመዶቻቸው ከ1970 ወዲህ በ71 ከመቶ ቀንሰዋል። ብዙዎቹ ለመውለድ የሚደርሱት ከረጅም ዓመታት በኋላ ስለሆነ የሞተው ቶሎ አይተካም። ክንፉን ለሾርባ ቆርጠው፣ ነፍሱ ሳትወጣ ወደ ባህር የሚጥሉትም አሉ።

አላህ (ሱ.ወ) የባህርን አደን ፈቅዶልናል፤ ማባከንን ግን ከልክሏል። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) የእንስሳን አካል በሕይወቱ የሚቆራርጥን ረግመዋል። በየብስና በባህር የታየው ጥፋት የሰው እጅ ሥራ መሆኑንም ሱረቱ ሩም ያስተምረናል።

እኛ ከባህር ሩቅ ነን፤ ትምህርቱ ግን ቅርባችን ነው። ፈረሱን ከአቅሙ በላይ የሚጭን፣ የደካማ ጎረቤቱን ድንበር የሚገፋም በየብስ ያለ ቂርሽ ነው። ሱረቱ ቁረይሽ ለዚያ ኃያል ጎሳ ያስታወሰው፣ ከረሃብ ያበላውና ከፍርሃት የጠበቀው አላህ መሆኑን ነው። ልጆቻችን ሱራውን ሲቀሩ፣ ኃይል ከአላህ የተሰጠ አማና መሆኑን አብረን እንንገራቸው።

ወላሁ አዕለም።