ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተሰላች ልብ

ጤና ጣቢያ ሄደን ነርሷ እጃችንን ይዛ ምታችንን ስትቆጥር፣ ያቺ ምት ከየት እንደምትነሣ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ልብ ግን ማንም ሳያዛት፣ እኛ ተኝተንም፣ ትመታለች። ማን ያስመታታል? ይህን በቁጥር ለመመለስ የደከሙትን ሰዎች ታሪክ እነሆ እንላለን። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1952 አላን ሆጅኪንና አንድሩ ሐክስሊ የተባሉ እንግሊዛውያን፣ ስኩዊድ በሚባል የባሕር እንስሳ ወፍራም ነርቭ ላይ ሠርተው፣ ሶዲየምና ፖታሲየም በሕዋስ ሽፋን በኩል ሲገቡና ሲወጡ የኤሌክትሪክ ምት እንዴት እንደሚፈጠር የሚያሳይ ስሌት አወጡ። የካምብሪጅ ኮምፒዩተር ለእድሳት ቆሞ ስለነበር ሐክስሊ በእጅ በሚሽከረከር የሒሳብ መኪና ሦስት ሳምንት ያህል ለፋ። ያውም የነርቭ ምት የሚቆየው ጥቂት ሺህኛ ሴኮንድ ብቻ ነው! የልብ ሕዋስ ምት መቶ እጥፍ ያህል ይረዝማል።

ዴኒስ ኖብል ይህን ሸክም ሲያነሣ በለንደን ገና ለዶክትሬት የሚማር ወጣት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ሜርኩሪ የተባለ ባለ ቫልቭ ኮምፒዩተር ቢኖረውም፣ ለእርሱ የተረፈው ሰዓት ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሆነ። ከዚያ ወደ ቄራ ሄዶ የበግ ልብ ያመጣል፤ ቀን ይለካል፣ ሌሊት ያሰላል። (መቼ ይተኛ እንደነበር እኛም አልገባንም።) ውጤቱን በ1960 ኔቸር በተባለው መጽሔት አወጣ፤ በ1962 አስፋፍቶ ጻፈው። በስሌቱ ውስጥ «ምታ» የሚል ትእዛዝ አልነበረም። ኤሌክትሪኩ የሕዋሱን በሮች ይከፍታል፣ በሮቹ ሲከፈቱ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ይለወጣል፤ ከዚህ መመላለስ አንዱ ምት አልቆ ሌላው በራሱ ተነሣ።

በ1964 ጎርደን ሞ የተባለው አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር 992 ነጥቦችን በኮምፒዩተር አያይዞ፣ የእያንዳንዱን የዕረፍት ጊዜ አለያየ። ማዕበሉ ተሰባበረ፤ ቁርጥራጮቹም ሳይጠፉ ወዲያ ወዲህ ይባዝኑ ጀመር። የልብ የላይኛ ክፍሎች ሥርዓት አጥተው የሚርገበገቡበት ሕመም፣ አንድ ጥፋተኛ ቦታ ሳይኖረውም ሊቀጥል እንደሚችል ታየ።

የኖብል ስሌት ግን ስሕተት ነበረበት። ከአንዱ ምት በኋላ ቀጣዩን የሚያዘጋጀው፣ ወደ ውጭ የሚወጣው የፖታሲየም ፍሰት እየቀነሰ መሄዱ ነው ብሎ ነበር። በ1979 ሒላሪ ብራውን፣ ዳሪዮ ዲፍራንቼስኮና ራሱ ኖብል በልብ ምት መነሻ ሥፍራ፣ ወደ ውስጥ እየጨመረ የሚገባ እንግዳ ፍሰት አገኙ። በ1981 ዲፍራንቼስኮ የኖብል የፖታሲየም ፍሰት የተባለውም ይኸው መሆኑን አሳየ። መውጫው ቢጠብ ወይም መግቢያው ቢሰፋ ውስጡ ያው ይሞላልና፣ የተሳሳተው ስሌት ሃያ ዓመት ያህል ደኅና ሲመታ ኖረ! ኖብል አልተከራከረም፤ በ1985 ከዲፍራንቼስኮ ጋር ስሌቱን እንደ ገና ጻፈው። በ2005 በአውሮፓ የተፈቀደው ኢቫብራዲን የተባለ መድኃኒት የልብን ምት የሚያዘገየው ይህንኑ ፍሰት በመግታት ነው።